ሐኪሙን ከበሽተኛው የሚነጥል ሹመት፦ የቦንጋኒ ማዮሲ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ለጤና ሳይንስ ፋኩልቲው አዲስ ዲን ሾመ። ተሿሚው ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ የ49 ዓመት ሰው ነበሩ፤ የልብ ስፔሻሊስት፣ ከአፍሪካ የልብ ተመራማሪዎች ስማቸው ቀድሞ የሚጠራ፣ የዩኒቨርሲቲውን የውስጥ ደዌ ክፍልም ለአሥር ዓመት የመሩ። ወረቀት ላይ እንከን የማይወጣለት ሹመት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2018፣ ማዮሲ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ቤተሰባቸው ለሁለት ዓመት ያህል ከድባቴ ጋር ሲታገሉ እንደቆዩ በይፋ ተናገረ።

ሞታቸውን በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከር ስህተትም ነውርም ነው። ድባቴ በሽታ ነው፤ ብርቱውንም ደካማውንም ይይዛል፣ ሕክምናም አለው። እዚህ የማነሳው ጥያቄ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። በአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ሐኪም ሙያው ጫፍ ላይ ሲደርስ የምንሸልመው ከሙያው በሚያወጣው ወንበር ነው። ለምን? ያ ወንበርስ እኛ የምናስበውን ያህል ሥልጣን አለው?

ማዮሲ የተወለዱት በጥር 1967 በምሥራቅ ኬፕ፣ ንቃማክዌ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ነርስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውኑ ግሩት ስኩር ሆስፒታል በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። ዓለም ግሩት ስኩርን የሚያውቀው በዚህ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ግን የኬፕታውን የሕክምና ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪ በሩን በሰፊው የሚከፍት አልነበረም። ማዮሲ የተማሩት ደርባን ውስጥ፣ ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች ተብሎ በ1951 በተከፈተው የናታል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ በ1989 በማዕረግ ተመረቁ። ስፔሻሊቲያቸውን ለመሥራት ግሩት ስኩር ገቡ፤ ለዶክትሬት ወደ ኦክስፎርድ ሄዱ።

ተመልሰውም መጡ። ይህቺ አጭር ዓረፍተ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ትናገራለች። በዘመኑ ከኦክስፎርድ የወጣ አፍሪካዊ የልብ ሐኪም እንግሊዝም አሜሪካም ቦታ አያጣም ነበር። እሳቸው ግን በ2001 ኬፕታውን ተመለሱ፤ በ2006 የውስጥ ደዌ ክፍሉ የመጀመሪያው ጥቁር ኃላፊ ሆኑ።

ምን ይሠሩ ነበር?

የሰውየውን ልክ ለማወቅ ማዕረጋቸውን ትተን ሥራቸውን ማየት ይበልጣል። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው የልብ ሽፋን ቲቢ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም። ልብን የሚሸፍነውን ስስ ከረጢት ሲይዝ ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃው ልብን ይጫናል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ውኃው ከደረቀ በኋላ ከረጢቱ ይጠነክርና ልብ ደም እንደልቡ እንዳይሞላ አስሮ ይይዘዋል። ኤችአይቪ በተስፋፋበት አገር ይህ ብርቅ በሽታ አይደለም። የማዮሲ ቡድን ቀደም ብሎ ባደረገው ክትትል ከታካሚዎቹ 26 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ሞተዋል። ሐኪሞች ከቲቢው መድኃኒት ጋር ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) መስጠት ያዘወትሩ ነበር፤ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ግን ማስረጃው ቀጭን ነበር። ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ክኒን ነው፤ ታካሚዎቹ ድሆች ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ጥናት የሚያጓጓው ኩባንያ አይኖርም።

ማዮሲና ባልደረቦቻቸው በስምንት የአፍሪካ አገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች 1,400 ታካሚዎችን መዝግበው ግማሹ ፕሬድኒሶሎን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን እንዲወስድ አደረጉ። ውጤቱ በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ሞት፣ ልብን የሚጫን ውኃና የከረጢቱ መጠንከር አንድ ላይ ሲቆጠሩ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፦ ስቴሮይድ ከወሰዱት 23.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 24.5 በመቶ። የከረጢቱ መጠንከር ብቻውን ሲታይ ግን ከ7.8 ወደ 4.4 በመቶ ወረደ። በሌላ በኩል ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ ካንሰር በዛ። ለጋዜጣ ርዕስ የማይመች መልስ ነው። አልጋ አጠገብ ለቆመ ሐኪም ግን ለማን እሰጣለሁ፣ ለማን እከለክላለሁ ለሚለው ከዚህ የበለጠ የሚረባ መልስ አይገኝም። ጥያቄው ከአፍሪካ ዋርድ ተነሣ፣ መልሱም ከአፍሪካ ዋርድ መጣ።

ሁለተኛው እኛ ቤት ድረስ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል፤ «ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል» ይባላል፤ እውነትም ይለቀዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፣ ያተኩሰዋል፤ እሱም ያልፋል። የማያልፈው ልቡ ላይ የቀረው ነው። ጀርሙን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልብ ቫልቮችን ያቆስላል፤ ቁስሉ በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ይጠብባል ወይም ይላላል። ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ልጅቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ወይም አርግዛ ስትታፈን ነው። ጥቁር አንበሳ የልብ ክትትል ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ወጣቶች ለምን እንደሚበዙ ይገባዋል። በጊዜው ከተደረሰበት መከላከያው በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ታካሚዎቹ «የወር መርፌ» ይሉታል።

ማዮሲ ከመሩት ቡድን የወጣ አንድ ጥናት በኬፕታውንና በጅማ 4,720 ተማሪዎችን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አየ። ልጆቹ ሕመም አለብኝ የማይሉ፣ ትምህርት ቤት ውለው የሚገቡ ናቸው። በኬፕታውን ከሺሁ 20፣ በጅማ ከሺሁ 31 የሚሆኑት የልብ ቫልቫቸው ላይ የሩማቲክ ምልክት ተገኘባቸው። ሌላው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 ታካሚዎችን መዘገበ። አማካይ ዕድሜያቸው 28፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 17 በመቶ የሚጠጉት ሞቱ። እነዚህ አኃዞች መጽሔት ላይ ብቻ አልቀሩም። በየካቲት 2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበርና የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሩ ለማጥፋት ያወጡት መግለጫ የከተማችንን ስም ይዟል፤ የመርፌው አቅርቦት እንዳይቋረጥ፣ ታካሚዎች እንዲመዘገቡ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላት በአህጉሩ እንዲስፋፉ ይጠይቃል። ማዮሲ ከመግለጫው አዘጋጆች አንዱ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ በዚህ በሽታ ላይ ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2018፣ እሳቸው ከመሞታቸው ሁለት ወር በፊት ነበር።

በዚህ ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ለደቡብ አፍሪካ የጤና ዘርፍ አንድ ሺህ ባለ ዶክትሬት ማፍራት አለብን ብለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ያስጀመሩም እሳቸው ናቸው። በ2017 ደግሞ፣ ዲን ሆነው እያሉ፣ ለሃያ ዓመት ያህል የተከታተሉት አንድ ቤተሰብ ውስጥ ወጣቶችን በድንገት የሚገድል የልብ ጡንቻ በሽታ ያመጣውን የዘረ መል ጉድለት ከጣሊያንና ከካናዳ ባልደረቦች ጋር ለይተው አሳተሙ። ሃያ ዓመት አንድ ቤተሰብ መከታተል የሐኪም ትዕግሥት ነው፤ በጀት ዓመት የሚለካ ሥራ አይደለም።

ወንበሩና ጎዳናው

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዲን የሆነው። ጊዜው ደግሞ ከጊዜም የከፋ ነበር። የኬፕታውን ተማሪዎች በሚያዝያ 2015 የእንግሊዛዊውን ቅኝ ገዢ የሴሲል ሮድስን ሐውልት ከግቢው አስነቅለዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት የትምህርት ክፍያ ጭማሪን የተቃወመው እንቅስቃሴ አገሪቱን አዳረሰ። ማዮሲ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ፣ በዚያው መስከረም የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትሩ ዩኒቨርሲቲዎች ለቀጣዩ ዓመት እስከ ስምንት በመቶ መጨመር እንደሚችሉ አስታወቁ። ተቃውሞው እንደገና ነደደ፤ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችም ስለ ክፍያው፣ ስለ ፅዳትና ጥበቃ ሠራተኞች ቅጥርና ስለ መምህራኑ ቀለም ጥያቄ አንሥተው የዲኑን ቢሮ ያዙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ክፍያውን ዲኑ አልጨመሩትም፤ መቀነስም አይችሉም። የፅዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን ለኤጀንሲ የሰጠው ዲኑ አይደሉም። መምህራኑ በብዛት ነጭ የሆኑት በእሳቸው ዘመን አይደለም፤ እንዲያውም ዕድሜያቸውን የሠሩት ያንን ለመለወጥ ነው። ተማሪው ግን ሚኒስትሩን አያገኝም፤ የሚያገኘው በሩ ቅርብ የሆነውን ሰው ነው። ጥያቄዎቹም አብዛኞቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ተማሪዎቹን የክፉ ሰዎች ስብስብ አድርጎ መሳል ታሪኩን ማቅለል ነው። ቢሆንም ማዮሲን ከሃዲ፣ ላዩ ጥቁር ውስጡ ነጭ ያሏቸው ነበሩ። እህታቸው በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ይህ ስድብ ወንድሟን ምን ያህል እንዳቆሰለው ተናግራለች። በር ሊከፍትለት ከሚደክምለት ወጣት አፍ የሚወጣ ስድብ ከጠላት ስድብ የተለየ ነው።

በሌላኛው ወገን ደግሞ መምህራን አሉ፤ ዲኑ ለተማሪዎቹ ለዘበ የሚሉ፣ ፈተናው ይሰጥ የሚሉ፣ ይራዘም የሚሉ። ከላይ የዩኒቨርሲቲው አመራር አለ። ማዮሲ በኅዳር 2017 መልቀቂያ አስገቡ። እንዲቆዩ ተግባቡ፤ ቆዩ። በኋላም ወደ ሌላ የአመራር ኃላፊነት ሊዛወሩ እየተነጋገሩ ሳለ ሞቱ።

ዩኒቨርሲቲው በፕሮፌሰር ታንዳባንቱ ንህላፖ የሚመራ አጣሪ ቡድን አቋቋመ፤ ሪፖርቱ በሰኔ 2020 ወጣ። ሪፖርቱ አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ አልጠቆመም። ያሳየው ማዮሲ በቂ ርክክብና ዝግጅት ሳይደረግላቸው በተቃውሞው መሃል ወንበሩን እንደያዙ፣ ተቋሙም ጫናው ሲበዛባቸው የሚደግፍበት አሠራር እንዳልነበረው ነው። በስማቸው ዛሬ የፋኩልቲው ቤተ መጻሕፍት ይጠራል። ስም መስጠት ቀላሉ ነው።

ሥልጣን የሌለው ሥልጣን

ሐኪም ስለ ሥልጣን የሚማረው ዋርድ ውስጥ ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ ፊት፣ ሬዚደንቱ ከጎን፣ ኢንተርኑ ካርድ ተሸክሞ ከኋላ ይሄዳል። ሲኒየሩ «ላሲክሱን» (ትርፍ ውኃ የሚያሸናውን መድኃኒት) «ጨምሩለት» ካለ ይጨመራል። ማታ ላይ የእግሩ እብጠት ቀነሰ አልቀነሰ ይታያል። ትእዛዝና ውጤት በአንድ ቀን ውስጥ ይገናኛሉ። ይህን ሃያ ዓመት የለመደ ሰው ዲን ሲሆን የሚገባበት ዓለም ሌላ ነው። የሚያዝዘው ነገር የለም፤ የሚለምነው ግን ሞልቷል። መምህራኑ ግማሽ ጎናቸው የሆስፒታሉ ናቸው። ኬፕታውን ውስጥ ሆስፒታሉ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት፣ ፋኩልቲው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ አንዱ ሐኪም ሁለት ጌታ አለው፣ ዲኑ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ወክሎ ይደራደራል። ገንዘቡም ከውጭ ነው። በ2025 አሜሪካ ለደቡብ አፍሪካ የምትሰጠውን ድጋፍና የምርምር ገንዘብ ማቋረጥ ስትጀምር፣ የዚያ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተጨነቁት የየትኛውን ተመራማሪ ደመወዝ ከየት እንደሚያመጡ ነው። እዚያ ላይ የኦክስፎርድ ዶክትሬት ምን ይረዳል?

«ታዲያ ማን ይምራው? የሒሳብ ባለሙያ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ፍሬ አለው። ዋርድ የማያውቅ ሰው የሕክምና ትምህርት ቤት ሲመራ የሚሆነውን ብዙዎች አይተዋል፤ ጓንት በጨረታ ሲጓተት ምን እንደሚከተል የሚያውቀው በባዶ እጁ የሠራ ነው። ሐኪሞቹም ከሙያቸው ውጭ የመጣን አለቃ በቀላሉ አይሰሙም። ስለዚህ መሪው ሐኪም ይሁን በሚለው እስማማለሁ። የማልስማማው ጥሩ ሐኪምነት በራሱ ለወንበሩ ያዘጋጃል በሚለው ላይ ነው። ማንም የልብ ሐኪምን «ጎበዝ ስለሆንክ ነገ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ትሠራለህ» አይለውም።

መምራት ደግሞ ዲን መሆን ብቻ አይደለም። የእኛው ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ ሐኪም ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን መሠረቱ፤ ከሕዝብም ከውጭም ሲለምኑ ኖረው በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። ያ አመራር ነው፤ ከታካሚው አልጋ ሳይርቅ የተሠራ አመራር። ማዮሲም ብዙውን ሥራቸውን የሠሩት በክፍል ኃላፊነት ዘመናቸው ነው። ያ ወንበር ከበሽተኛና ከተማሪ አላራቃቸውም ነበር።

እኛስ?

ልዩነቱ ብዙ ነው፤ ደቡብ አፍሪካን በግድ ኢትዮጵያ ላይ መደረብ አያስፈልግም። አንዳንዱ ነገር ግን ራሱ ይመሳሰላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ የኮሌጅ ኃላፊ በአንድ ራሱ የትምህርት ቤት ዲን፣ የአገሪቱ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል አስተዳዳሪና የመንግሥት ግዥ ሕግ ተገዢ ይሆናል። በቀደመው ዘመን ሐኪም ይወጣ የነበረው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከጅማ ነበር፤ ዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ በደርዘን ይቆጠራሉ። ለእያንዳንዱ ዲን ያስፈልጋል። ዲኖቹ የሚመለመሉት እዚያው ካሉት ጥቂት ስፔሻሊስቶች መካከል ነው። በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ሁለት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ካለ፣ አንዱን መሾም የክሊኒኩን ግማሽ መዝጋት ነው።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ያንኑ ወንበር በሌላ መልኩ አየነው። የደመወዝ እርከኑን የሚወስነው መንግሥት ነው። ሬዚደንቱን ዓይን ለዓይን የሚያየው፣ ከበላይ «ሥራ አስጀምር» የሚባለው፣ ድንገተኛ ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን የሚሯሯጠው ግን የሆስፒታሉ ወይም የኮሌጁ ኃላፊ ነው። ከሁለቱም ወገን ወቀሳው ለእሱ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚሁ መንገድ እየተዘጋጁ ነው። ራስ ገዝነት ማለት የኃላፊነት ውልንም ራስ መጻፍ ማለት ስለሆነ ጊዜው ለዚህ ውይይት ይመቻል። ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ብዙ አይደለም። ተሿሚው በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ክሊኒክ እንዲገባ፣ ቀኑም በስብሰባ እንዳይነጠቅ። ከቀድሞው ኃላፊ ጋር ወራት የሚፈጅ ርክክብ። ገንዘብና ሰው በእጁ ያለ ምክትል። ተሿሚው ልልቀቅ ሲል «ትንሽ ታገሠን» የሚባልበት ሳይሆን በቁርጥ ቀን መልስ የሚያገኝበት አሠራር። ከኃላፊነቱ የወረደ ሰው ወደ ምርምሩና ወደ ታካሚው ሲመለስ እንደተዋረደ እንዳይታይ የአንድ ዓመት ዕረፍት። ሚስጥሩ የተጠበቀ የሥነ ልቦና ድጋፍም፤ ሐኪም ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ከማንም በላይ ያፍራልና።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዲንነት ወይም ለዳይሬክተርነት የሚያወጡትን የውድድር ማስታወቂያ ላነበበ ሰው ቅርጹ የታወቀ ነው፦ የትምህርት ማዕረግ፣ የሥራ ልምድ፣ የታተመ ጥናት፣ ከሥነ ምግባር ግድፈት ነፃ መሆን፣ ለመጪዎቹ ዓመታት የሚተገበር ስትራቴጂክ ዕቅድ አዘጋጅቶ በመድረክ ማቅረብ። ተወዳዳሪው ለዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚሠራ በገጽ ብዛት ተወስኖ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲው ለተወዳዳሪው ምን እንደሚያደርግ የሚጽፍ ማስታወቂያ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ተወዳዳሪ ዕቅዱን አቅርቦ ሲጨርስ ይህንኑ መልሶ መድረኩን ቢጠይቅ፣ የመራጩ ኮሚቴ አባላት መልሱን ከየትኛው መመሪያ ያነቡለት ይሆን?